የጋሻው ጀርባ

የጋሻ ሙያ የሚለየው በጀርባው ነው። ፊቱ ለአደባባይ ነው፤ ከፋዩም፣ ብሩም፣ የአንበሳው ጠጉርም እዚያ ተደርድሮ ከሩቅ ዓይን ይጠራል። ጀርባውን የሚያየው የያዘው ሰው ብቻ ነው። እጀታው የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ የጠፍሩ ቋጠሮ፣ የምስማሩ ጫፍ የታጠፈበት አቅጣጫ ሁሉ የሰው ክንድ የሚያርፍባቸው ናቸውና ሠሪው እዚህ ላይ ማታለል አይችልም። ሰነፍ ባለሙያ ፊቱን አሳምሮ ጀርባውን ይተወዋል። ጎበዙ ግን ማንም የማያየውን ወገን ሰው ሁሉ የሚያየው አስመስሎ ይጨርሰዋል።

ይህን ያስተዋልኩት በፎገራዋ ወረታ ከተማ፣ ከአንድ አባት ቤት ነው። የአርበኛ ልጅ ናቸው። የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር አባል ሲሆኑ፣ ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር የአባታቸውን ጋሻና ጎፈር ይዘው ይሰለፋሉ። ዛሬ ከማኅበሩ አባላት ብዙዎቹ እንደ እሳቸው ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፤ በዱር በገደል የተዋጉት አባቶች አብዛኞቹ አልፈዋል። እኔ የሄድኩት ታሪክ ልጠይቅ ነበር። እሳቸው ከታሪኩ በፊት ጋሻውን ከተሰቀለበት ቀንድ አወረዱና ዘረጉልኝ።

«እንዲሁ ልየው አባቴ» ብላቸው፣ «ሳትይዘው ምኑን ታየዋለህ ልጄ? ክንድህን አስገባ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ግድግዳ ላይ ሲታይ ከባድ የሚመስለው ጋሻ ክንድ ላይ ሲያርፍ ይቀላል፤ ክብደቱም ወደ አንድ ጎን አያዘነብልም። እጀታው አንድ ወፍራም ጠፍር ነው። በቀዳዳዎቹ ገብቶ ወጥቶ መሃል ላይ ጎበጥ ብሎ ተነሥቷል፤ በሥሩ ክንድ ያልፋል፣ ጡጫው ደግሞ ጉልላቱ ውስጥ ካለው ጎድጓዳ ይገባል። ከፊት ሲታይ ጌጥ የሚመስለው የጋሻ ጉልላት ለካ ከውስጥ የእጅ ማረፊያ ነው። ቀዳዳዎቹን በጣቴ ዳሰስኳቸው። ጠርዛቸው ተለስልሷል፤ ጠፍሩን እያደር እንዳይበላው ነው። ቋጠሮውም ተቀጥቅጦ ከቆዳው ጋር ተስተካክሏል፤ የያዘውን ሰው ሥጋ አይቆረቁርም።

ለጋሻ የሚሆነው የጎሽ፣ የጉማሬ ወይም የበሬ ቆዳ ነው። የፎገራ ሰው ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም ነበር። የጣና ዳርቻ ከወረታ በስተ ምዕራብ ነው፤ ርብና ጉማራ ሜዳውን አቋርጠው ሐይቁ ውስጥ ይገባሉ፤ ጉማሬም ዛሬ ድረስ በሐይቁ ይኖራል። አደኑን ከማንም በላይ ያውቁት የነበሩት በደንገል ታንኳ ስማቸው የሚነሣው ወይጦዎች ናቸው፤ ከቆዳው አለንጋ ይሠሩ ነበር።

የጉማሬ ቆዳ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሊወፍር ይችላል። ያን ሁሉ ተሸክሞ የሚዋጋ ሰው የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙያ መቀነስ ነው፤ ጠጉሩን ፍቀው ከጨረሱ በኋላ ቆዳውን ራሱን እየፋቁ ክንድ በሚችለው ልክ ማሳሳት። እዚህ ላይ የጋሻ ሥራ ከሌላው የቆዳ ሥራ ይለያል። ስልቻና አቅማዳ የሚሆነው ቆዳ ይለፋል፣ ይለሰልሳል። የጋሻው ቆዳ ግን አይለፋም፤ ጥሬውን እንዳለ ርጥብ ሳለ ቅርጽ ይይዛል፣ ዙሪያውን ተወጥሮ መሃሉ ወደ ላይ ተገፍቶ ይደርቃል። ፀሐይ ቢበዛበት ይሰነጠቃል፤ ጥላ ቢበዛበት ይሸታል። ሠሪው በዚህ መካከል ያለችውን ጠባብ ጊዜ አይቶ ማወቅ አለበት፤ አንዴ ከደረቀ በኋላ የሚስተካከል ነገር የለምና።

ቅርጹም በዘፈቀደ የወጣ አይደለም። ጉልላቱ ሾጠጥ ማለቱ የጦርን ጫፍ ወደ ጎን ያንሸራትተዋል። ክፈፉ ወደ ውጭ ቀና ማለቱ ደግሞ ተንሸራቶ የመጣውን ስለት ሰውነት ላይ ከማረፉ በፊት ያቆመዋል። በጉልላቱ ዙሪያ ክብ በክብ የወጡት ጉብታዎች ርጥቡ ቆዳ ላይ ተጭነው የወጡ ናቸው፤ ያስጌጡታል፣ እንዳይጣመምም ይደግፉታል። በጣቴ ተከትዬ ዞርኳቸው። ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው ያለው ርቀት ዞሮ እስኪገጥም ድረስ አይለዋወጥም። ዓይንና እጅ ለብዙ ዘመን አብረው ሲሠሩ ብቻ እንዲህ ያለ እኩልነት ይገኛል።

ጋሻ ጥይት አይመልስም። ጣሊያን በወረረን ጊዜ የአርበኛው ተስፋ ውጅግራው፣ ምንሽሩና ቤልጅጉ ነበር። ቢሆንም ጋሻው አልተጣለም፤ ከውጊያ ዕቃነት ወደ ክብር ልብስነት ተሻገረ። በፎገራ ደግሞ እዚህ መድረሱ በራሱ ሙያ ጠይቋል። ሐምሌና ነሐሴ ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል፤ ዛሬ አገሩን ያስጠራው ሩዝ የሚበቅለውም በዚሁ ውሃ ነው። ለሩዙ ሲሳይ የሆነው ርጥበት ለጥሬ ቆዳ ጥፋት ነው፤ ርጥበት የጠገበ ጋሻ ቅርጹን ይለቃል፣ ይሻግታል፣ አይጥም ይበላዋል። ስለዚህ ከፍ ተደርጎ፣ የምድጃ ጢስ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የእኚህ አባት ጋሻ ጀርባው ጠቁሮ ያብረቀርቃል። የጢስና የቅቤ ሥራ ነው። «አባቴ ይዞት ዋለ እንጂ ያኖረችው እናቴ ናት» አሉኝ። «ክረምት በገባ ቁጥር አውርዳ ታሸዋለች። እኛ ልጆቿ ጠጋ ስንል ትቆጣን ነበር።»

ፊቱን ገለበጥኩት። ጥቁር ቀይ ከፋይ ለብሷል፤ በከፋዩ ላይ የብር ጠፍጣፋዎች ከጉልላቱ ተነሥተው እስከ ክፈፉ ይወርዳሉ። እንዲህ ያለው ብር በአብዛኛው የሚገኘው ከጠገራ ብር ነበር። የኦስትሪያዋን የማሪያ ቴሬዛን መልክ የያዘው፣ መቼም ቢመታ 1780 የሚለው ዓመት የማይለወጥበት ይህ ገንዘብ ለነጋዴው መገበያያ፣ ለአንጥረኛው ደግሞ ጥሬ ዕቃ ነበር። አንዱ ከ28 ግራም ጥቂት ይበልጣል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ አብዛኛው ቀሪ መዳብ ነው። ድብልቁ ለአንጥረኛ ይመቻል፤ ንጹሕ ብር ብቻውን ቶሎ ይታጠፋል፣ መዳብ ሲገባበት ግን የተሰጠውን ቅርጽ ይዞ ይቆያል። ሲቀጠቀጥ ይደርቃል፤ ደጋግሞ እሳት ካላየ ይሰነጠቃል። እንግዲህ አንጥረኛው ይቀጠቅጣል፣ ያግላል፣ አቀዝቅዞ እንደገና ይቀጠቅጣል። ወፍራሙ ጠገራ በከፋይ ላይ የሚተኛ ስስ ቅጠል እስኪሆን ድረስ ወናፉ አያርፍም።

ከጠፍጣፋዎቹ በአንዱ ላይ ዓይኔ ቆየ። በጠርዙ ጥቃቅን ነጥቦች ተሰልፈዋል፤ ከጀርባ እየተመቱ ወደ ፊት ያበጡ ናቸው። ከመሃል ገደማ ሁለት ነጥቦች ከልክ በላይ ተጠጋግተዋል። መዶሻው ትንሽ ስቶ ይሆናል፤ ወይ ሰው ጠርቶት ቀና ብሎ ይሆናል። ቀጥለው ያሉት ሦስት ነጥቦች ግን ለዓይን በማይታወቅ መጠን ራቅ ራቅ ብለው ሰልፉን ወደ ልኩ መልሰውታል። ጠፍጣፋው አልተጣለም፤ እንደገናም አልቀለጠም። ሠሪው ያዘነበለውን መስመር ሳይረበሽ አቀናው። ከአንድ ሜትር ርቀት ይህ ሁሉ አይታይም፤ የሚታየው የተስተካከለ መስመር ብቻ ነው። በዚያች ጣት በማትሞላ ቦታ የአንድ ሰው ትዕግሥት ተቀምጧል።

ይህ ሰው ማን ነበር? ጥያቄው ለዚህ ጋሻ ብቻ የሚነሣ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ኒውካስል ከተማ አንድ የመቅደላ ጋሻ ለጨረታ ቀርቦ ነበር። በላዩ ላይ በእንግሊዝኛ «መቅደላ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1868» ተብሎ ተቀርጾበታል፤ በእኛ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ የሞቱበትና አምባው የተያዘበት ቀን ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ጠየቀ፣ ጋሻው ከጨረታው ወጣ፣ ወደ አገሩ እንዲመለስም ስምምነት ተደረሰ። ደስ የሚያሰኝ ፍጻሜ ነው። ያን ጽሑፍ ሳስብ ግን አንድ ነገር ያንገበግበኛል፤ የወሰደው ወገን የወሰደበትን ቀን በላዩ ጽፏል፣ ቆዳውን ያሳሳው፣ ብሩን የመታው ሰው ስም ግን የትም አልተጻፈም።

ከጋሻው ቀጥሎ ከሣጥን የወጣው የአርበኝነት ሜዳይ ነው። ጥብጣቡ ላይ ትናንሽ የዘንባባ ቅጠሎች ተሰክተዋል፤ አምስት ናቸው። እያንዳንዷ ዘንባባ ከጥፍር ታንሳለች፤ ሆኖም አከርካሪዋና ግራና ቀኝ የሚወጡት ቅጠሎቿ ተለይተው ይቆጠራሉ። ዘንባባዋ የዓመት ምስክር ናት። ባለ አምስት ዘንባባ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አምስቱን ዓመት በአርበኝነት የቆየ ማለት ነው።

ፎገራን ባቀፈው በቀድሞው ቤጌምድር ደግሞ ቆጠራው ከአምስቱም ያልፋል። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ሲገቡ ጎንደር ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። ደብረ ታቦር የነበረው ጦር እጁን የሰጠው ከዚያ በኋላ በመጣው ክረምት ነው። ከፎገራ ሜዳ በስተ ሰሜን፣ ከአዲስ ዘመን ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የጣሊያን ምሽግ ቁልቋል በር እስከ ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ተዋግቶ ወደቀ፤ ጎንደር ኅዳር 18 ነፃ ወጣች። አገሩ በዓሉን ካከበረ በኋላ የዚህ አካባቢ አርበኛ ከስድስት ወር በላይ ከጦር ሜዳ አልተመለሰም። የጣሊያን ካራቢኒየሪ የቁልቋል በርን ውጊያ በየዓመቱ በዚያው ቀን ያስበዋል፤ በዚያ ለወደቁት የሚገባውን ክብር ይሰጣል። የእኛዎቹ ትዝታ ያለው በወረታ፣ በአዲስ ዘመንና በደብረ ታቦር ቤቶች ግድግዳና ሣጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ እነዚህን ዕቃዎች አይቶ ማንበብ መቻል ለዚህ አገር ሰው ቁም ነገር ነው።

ጎፈሩንም አየነው። የእውነተኛ አንበሳ ጠጉር ያገኘ ታድሏል፤ ያላገኘ የጭላዳ ዝንጀሮን ጠጉር ሲጠቀም ኖሯል። አባትየው አንበሳ ነው ጭላዳ ነው ብለው አልተከራከሩም፤ ገልብጠው ውስጡን አሳዩኝ። ጠጉሩ ከነቆዳው በቀጫጭኑ ተቆርጦ በጅማት ተሰፍቷል። እያንዳንዱ ረድፍ የበታቹን ረድፍ ስፌት እንዲሸፍን ተደርጎ ስለተደራረበ ነፋስ ቢያነሣውም ባዶ ቆዳ አይታይም። ግንባር የሚነካው ጠርዝ ላይ ለስላሳ ቆዳ ተለብዷል፤ ላብ እንዲጠጣ፣ ቆዳም እንዳይፍቅ። ሰልፈኛው ከሩቅ ግርማ ያለው የሚመስለው ከውስጥ ያልተቆረቆረ ስለሆነ ነው። የሚያሳክክ ነገር የደፋ ሰው ቀጥ ብሎ አይቆምም።

መጨረሻ ላይ ጃኖው ተዘረጋ። ድሩም ማጉም በእጅ የተፈተለ ነው። ፈትሉን ብርሃን ላይ ይዤ ስመለከተው እንደ ፋብሪካ ክር አንድ ወጥ አይደለም፤ ትንሽ ወፈር፣ ትንሽ ሳሳ ይላል፣ ግን በጣም ወፍሮ አያጎብጥም፣ በጣም ሳስቶ አይበጠስም። ይህን ልክ የጠበቀችው እንዝርት ስታሾር የኖረች ሴት ናት። ሸማኔው ደግሞ ማጉን ከልብሱ ጫፍ እስከ ጫፍ በእኩል ጉልበት መትቶታል። ቀዩ ጥለት ላይ ሲደርስ ክሩን ቀይሯል፤ ነጩና ቀዩ የተጋጠሙበት መስመር ላይ አንድም የተንጠለጠለ ክር አላየሁም። ጃኖውን ገለበጥነው፤ ፊቱና ጀርባው አንድ ነው። በፎገራ የሽመና ክብር ዛሬ በአውራ አምባ ደምቆ ይታያል። በ1964 ዓ.ም. አቶ ዙምራ ኑሩ በመሠረቱት በዚያ ማኅበረሰብ ሴቱም ወንዱም መወርወሪያ ይወረውራል፤ ለሴት የሚባል፣ ለወንድ የሚባል ሥራ የለም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ መንገደኛ ጎራ ቢል ሽመና ሳይሸማቀቁ የሚሠሩት ሙያ ሆኖ ያየዋል።

ሳይሸማቀቁ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ክፍለ ሀገር ጋሻውን፣ ጎራዴውን፣ ጥለቱን የሠሩት እጆች ለብዙ ዘመን ሲናቁ የኖሩ ናቸው። በቤጌምድር ብረት የሚቀጠቅጡት፣ ሸክላ የሚሠሩት ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ከሸማኔዎቹም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ወይጦውም ከማዕድ ተገልሎ ኖሯል። ቆዳ የሠራውን ፋቂ፣ ብረት የሠራውን ቡዳ ሲሉት ኖረው ሥራውን ግን አደባባይ ይዘው ይወጡ ነበር። ጀግናው በሚከበርበት ልብስ የለበሰው የተናቀውን ሰው ሥራ ነው። ነገሥታቱ ይህ ጥፋት መሆኑን ሳያዩት አልቀሩም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የውጭና የአገር ባለ እጆችን አሰባስበው ሴባስቶፖልን አሠሩ፤ ያን ትልቅ መድፍም እስከ መቅደላ አስጎተቱት። ዐፄ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጁ። አዋጁ ወጣ፤ ልማዱ ግን ቶሎ አልለቀቀም።

«ይህን ጋሻ ማን ሠራው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ብዙ አሰቡ። «አባቴ ስሙን ስንት ጊዜ ነግሮኝ ነበር» አሉ። «እኔ ግን የምጠይቀው ስለ ጦርነቱ ብቻ ነበር። ስንት ገደልክ፣ የት ቆሰልክ፣ ማን አብሮህ ነበር እያልኩ። ስለ ሠሪው ሲያወራኝ አልሰማሁትም።»

ከዚህ ንግግር በኋላ አንድን የአርበኞች ማኅበር አባል ማወቅ ምን ማለት እንደሆነ በሌላ ዓይን አየሁት። አባታቸው በየትኛው ውጊያ እንደዋለ መስማት ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ በዚያ ሰውነት ላይ ያረፉትን እጆች ማወቅ ነው፤ ቆዳውን ያደነውን፣ የፋቀውን፣ ብሩን የመታውን፣ ክሩን የፈተለችውን፣ በየክረምቱ ቅቤ የቀባችውን። አንድ ሰው ለአገሩ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ስንት ሰው ጎንበስ ብሎ እንደሠራ ጋሻው ራሱ ይመሰክራል።

ስለዚህ ለማኅበሩ አባላትና በየቤታቸው እንዲህ ያለ ቅርስ ላላቸው ሁሉ የምለው አለኝ። ቅርሱ ሲመዘገብ የባለቤቱ ስምና የውጊያው ቦታ ብቻ አይጻፍ፤ ማን ሠራው፣ በየትኛው ገበያ ተገዛ፣ ማን አቆየው የሚለውም አብሮ ይጠየቅ፤ የሚያውቁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በሕይወት ሳሉ። ፎቶ ሲነሣ ጀርባውም ይነሣ። አሮጌ ነው ተብሎ ቫርኒሽ አይቀባ፤ የወደቀ የብር ጠፍጣፋ በቆርቆሮ አይተካ፣ ሙያውን ወደሚያውቅ አንጥረኛ ይወሰድ እንጂ። የሠሪው ስም ጠፍቶ እንደሆነም ሙያው ይጻፍለት፤ «የጎንደር አንጥረኛ ሥራ»፣ «የወይጦ አዳኝ ያመጣው ቆዳ»፣ እውነቱ እስከሚታወቅበት ድረስ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የእነዚያ ባለ እጆች ልጆች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ በወረታ ገበያ ጠፍር ይሸጣሉ፣ ማረሻ ይስላሉ፣ ጋቢ ይሸምናሉ። ሚያዝያ 27 ለእነሱም በዓል ነው። የአርበኛው ልጅ በሰልፍ ሲወጣ የአንጥረኛው፣ የቆዳ ሠሪውና የሸማኔው ልጅ ከጎኑ ይሰለፉ፤ ስማቸውም በድምፅ ማጉያ ይጠራ። ይህ ችሮታ አይደለም፣ የቆየ ዕዳ ነው።